ወጥታ ያልታየችው ጨረቃ

መርከቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የተጠበሰ ዓሣና ትኩስ ዳቦ ሲበላ አንጓች ጥግ ይዛ በሶዋን ትበጠብጥ ነበር። አስተናጋጁ የመጀመሪያውን ቀን አዘነላት፤ በሁለተኛው ቀን ተቀየማት፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ሳይል የሞቀ ውሃ ብቻ እያስቀመጠላት ይሄድ ጀመር። ዳቦ ቆሎዋን በቀዩ ከረጢት፣ ቋንጣዋን በነጩ ይዛለች። ወደ ሰሜን በራቁ ቁጥር ከረጢቶቹ ከሱ፣ እሷም አብራቸው ከሳች።

እማኝ የተከራካሪ ወገን እህል አይቀምስም፤ የተከራካሪ ወገን ልብስም አይለብስም። መርከቡ የተከሰሰው ኩባንያ ስለሆነ ዓሣውም የኩባንያው ነው። አብሯት የተላከው የመሥሪያ ቤቷ ሰው ኢዮሲያስ ግን «ደንቡ ለእማኝ እንጂ ለሸኚ መች ወጣ?» እያለ ሁለት ሁለት ሰሃን ያነሣል። በዕድሜ ልጇ ሊሆን ይችላል። ሲያኝክ ዓይኗን አያይም።

ዓለም ወደ ሰው ዓይን ከተመለሰ ቆይቷል። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ የድምፅ ቅጂው ሁሉ የማንም መጫወቻ ከሆነ በኋላ፣ ድልድይ ተሠራ ቢባል፣ ሰው ሞተ ቢባል፣ ባለሥልጣን እንዲህ አለ ቢባል፣ ሄዶ በዓይኑ አይቶ በአፉ የሚምል ካልተገኘ የሚያምን የለም። በሬ ወለደ ባዩን ሁሉ ማሽን በለጠውና ሥራ አስፈታው። ገበያው የደራው በዛፍ ጥላ ሥር፣ በእማኝ ፊት ሲሟገት ለኖረ ሕዝብ ልጆች ሆነ። የአዲስ አበባው የዓይን እማኞች ጽሕፈት ቤት በየአህጉሩ ሰው የሚልከው በዚህ ምክንያት ነው።

አንጓች የመንዝ ልጅ ናት። ዕድሜዋን ሲጠይቋት «ዓይኔ ወጣት ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ የአንድ ቱጃር አስከሬን እንድታይ ተልካ፣ አልጋው አጠገብ ቆማ ቆማ «ይህ ሰውዬ ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ብላ ወራሾቹን ክው አድርጋለች። ቱጃሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ኑዛዜውንም ቀየረ። በሙያዋ እንዲህ ያለ ስም ነበራት።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን በግራ ዓይኗ ላይ ጭጋግ ወርዷል። መጀመሪያ መነጽሯ የቆሸሸ መስሏት ጠረገች፤ ኋላ መነጽር እንደሌላት ትዝ አላት። ለማንም አልተናገረችም። ጡረታዋ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው፤ ዓይኑ የደከመ እማኝ ደግሞ ጡረታ የለውም፤ ማኅተሙን ከአንገቱ አውልቆ አስረክቦ በመጣበት እግሩ ይሄዳል። ማታ ማታ በመርከቡ ክፍል ውስጥ ቀኙን በመዳፏ ሸፍና የበሩን እጀታ በግራው ለማየት ትታገላለች። እጀታው አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም።

ሌላም የምትደብቀው ነገር ነበራት። ጽሕፈት ቤቱ ለብርዱ ብሎ ወፍራም ካፖርት ሰጥቷት ነበር። ባሕሩ በረዶ መትፋት በጀመረበት ቀን የተቀደደ ገበር ልትሰፋ ስትገለብጠው፣ ከውስጥ የተጠለፈ ሁለት ክብ አየች። የኩባንያው ምልክት ነው። ያኔውኑ ልታወልቀው ይገባ ነበር። ከሹራቧ በቀር ሌላ ልብስ አልነበራትም፤ ነፍስ ደግሞ ይጣፍጣል። መልሳ ለበሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፖርቱ እየሞቃት ሆዷ ይበርዳት ነበር።

ሎርሳ ደሴት ሲደርሱ ሰዓቱ የመኝታ ሰዓት ነው ተባለ፤ ሰማዩ ግን የከሰዓት በኋላ ሰማይ ይመስላል። ሰዎች ጥቁር ጨርቅ ዓይናቸው ላይ አስረው ከሥራ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል። የየቤቱ መስኮት በሬንጅ ተቀብቷል። አንድ አውራ ዶሮ ጣሪያ ላይ ቆሞ ይጮኻል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጮኻል። መቼ መጮኽ እንዳለበት የጠፋው ዶሮ አንጓች አይታ አታውቅም፤ አሳዘናት።

ኩባንያውን የከሰሱት የደሴቲቱ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ቃላቸውን የሚሰጡላቸው ማሪት የሚባሉ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ነበሩ። እማኝ ከማየቷ በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ስላለባት፣ በማግስቱ አንጓች ወደ ቤታቸው ሄደች። ሁለቱም ጆሯቸው ላይ አስተርጓሚ ሰክተው በምድር ቤቱ ደረጃ ወረዱ።

ምድር ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ዓይኗ ሲለምድ፣ ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩ ትናንሽ አልጋዎች አየች። የሰፈሩ ሕፃናት ተኝተዋል።

«በተራ እናወርዳቸዋለን» አሉ ማሪት ቀስ ብለው። «ጨለማ የምናስተምራቸው እዚህ ነው። መጀመሪያ ቀን ያለቅሳሉ። ከዚያ እንዴት እንደሚተኙ ብታይ! ላይ ግን እንቅልፋቸው የጥንቸል እንቅልፍ ነው።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣው ወደ ላይ የሚወጣው በጨለማ ነበር። አሁን ለምን ይወጣል? ልጄ፣ ባሕሩ ሞልቶ መረባችን ባዶ ነው።»

ኩባንያው ሰማይ ላይ በሰቀላቸው መስታወቶች ፀሐይን እያጠፈ ወደ ማዕድን ወደቡ ያወርዳል። ወደቡ ሌት ተቀን ይሠራል። ደሴቲቱን በተመለከተ ግን ኩባንያው የሚለው አንድ ነው፤ በየምሽቱ መስታወቶቹን ፊታቸውን እናዞራለን፣ ሰማያችሁ አባቶቻችሁ ያዩት ሰማይ ነው። ማሪትና ሰዎቻቸው ደግሞ አይደለም ይላሉ። ፎቶ ቢያነሡ ማን ያምናል? ኩባንያውም የራሱ ፎቶ አለው፤ ከዋክብት የፈሰሱበት፣ እጅግ የሚያምር።

«ጨረቃዋ አትታይም?» አለች አንጓች።

«ሙሉ ጨረቃማ በምን ሰማይ ትጠፋለች? በመብራት ላይ መብራት ናት። ሰማይ መጨለም አለመጨለሙን የምትመረምረው ግርዶሽ የያዛት ጨረቃ ናት።» አዛውንቷ ከአንዱ ሕፃን ላይ የተገፈፈውን ብርድ ልብስ መለሱ። «ልጅ ሆኜ አይቻታለሁ። ግርዶሽ እንደያዛት ነበር የወጣችው። አባቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ‹ከኮርቻ ተራራ በላይ እዪ› አለኝ። ከተራራው ጀርባ እንደ ፍም ቀልታ፣ ቀስ ብላ ብቅ አለች። መስታወት የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም። ዛሬም እንደዚያ ከታየች ከሳሽነቴን እተዋለሁ፤ ሰማዩ ደህና ነው ማለት ነው። እንደዚያ ካልታየች ደግሞ መስታወቶቻቸውን ያንሡልን። በዚህ ተስማምተናል።»

የነገው ምሽት ግርዶሽ የተጠበቀው ለዚህ ነው። ስትወጣ አየሁ ካለች ኩባንያው ይቀጥላል፤ አላየሁም ካለች መስታወቶቹ ከሎርሳ ላይ ይነሣሉ። የሁለቱም ወገን ዕጣ በአንድ ሰው ዓይን ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያ ሰው ደግሞ ግማሽ ዓይን ያላት ሴት ናት።

ወደ ላይ ሲመለሱ ማሪት ምድጃው ላይ ከተጣደው የዓሣ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን ቀዱላት። እንፋሎቱ ፊቷን ነካት፤ ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ ትኩስ ምግብ አልቀመሰችም።

«አልችልም፣ እማማ ማሪት። እማኝ ነኝ።»

«ሾርባ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ዛሬ ከቀመስኩልዎ ነገ ቃሌ አፈር ነው።»

አዛውንቷ ሳህኑን መልሰው ወደ ድስቱ ገለበጡት። ተቀይመዋል፤ አልደበቁትምም። ለሽማግሌ እጅ እንቢ ማለት አንጓችን ከብርዱ ይልቅ አመማት። በአገሯ ቢሆን እናቷ በጥፊ ነበር የምትላት።

በሚቀጥለው ምሽት ሕዝቡ ሁሉ አስተርጓሚውን በጆሮው ሰክቶ መርከብ ማቆሚያው ላይ ወጣ። ዓይናቸው ላይ ጨርቅ ያሰረ አንድም አልነበረም። ሰሚ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሥራቸው የእማኝን ቃል በጆሯቸው ሰምተው፣ በአፋቸው ለግልግል ዳኛው ማድረስ ነው። ማሽን አስተርጓሚ ስለማይታመን ሦስቱም አማርኛ ተምረዋል። አማርኛቸው ከመጽሐፍ የወጣ፣ ሰላምታቸው ረጅም ነበር።

የኩባንያው ወኪል መልካም ቁመና ያለው፣ ለስላሳ ሰው ነው። በምስክርነቱ ምሽት ከእማኟ ጋር መነጋገር ስለማይፈቀድለት በአጠገቧ ሲያልፍ ለኢዮሲያስ የተናገረ መሰለ።

«ካፖርቱ ሞቃቸው?» አለና ፈገግ ብሎ አለፈ።

አንጓች ያን ጊዜ ገባት። አየሁ ብትል ካፖርቱን የሚያነሣ አይኖርም። አላየሁም ብትል ግን ገበሩ በሰሚዎቹ ፊት ይገለበጣል፤ ደንብ ያፈረሰች እማኝ ተብላ ቃሏ ይሻራል። ኢዮሲያስን አየችው። መሬት መሬት ያያል።

«ታውቅ ነበር?»

«እትዬ አንጓች፣ እኔ ተላላኪ ነኝ» አለ። ጆሮው ቀላ።

ፀሐይ ጠለቀች። በቃላቸው መሠረት ከራስ በላይ ያሉት መስታወቶች አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሕዝቡም አጉረመረመ። ከወደቡ በላይ ያሉት ግን በሥራቸው ላይ ነበሩ፤ ብርሃናቸው ዳር ዳሩን ተርፎ ሰማዩን ሁሉ ሞልቶታል። ምሽቱ መጣ መጣና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ኮርቻ የሚባለው ተራራ ከባሕሩ ማዶ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከበላዩ ያለው ሰማይ የተልባ ውሃ ይመስላል።

የሰሚዎቹ ታላቅ ሰዓቱን አይቶ «ጨረቃዋ ከኮርቻው በላይ የምትሆንበት ጊዜ ደርሷል» አለ።

ማሪት ክንዳቸውን ዘርግተው በጣታቸው አመለከቱ። የኮርቻውን ጎድጓዳ፣ አባታቸው ያሳዩአቸውን ቦታ። ክንዳቸውን አላወረዱትም።

አንጓች አየች። ተራራው አለ። ሰማዩ አለ። ጨረቃ የለችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ከፍታ፣ ደግማ አየች። ጠበቀች። ከጀርባዋ ያለው ሕዝብ ትንፋሹን ይዟል። እንደ ገና አየች። ምንም የለም።

ፍርሃቱ ያኔ መጣ። ሰማዩ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ሌላው ሁሉ እያያት ቢሆንስ? የሰው ፊት አይታ እንዳታረጋግጥ ደንቡ ይከለክላል፤ እማኝ የምታየውን ብቻ ነው የምታየው። ግራ ዓይኗን እንደ ጠላት ጠላችው። ቀኟን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረች።

ኢዮሲያስ ተጠጋት። በማየት ላይ ያለች እማኝን ማናገር ክልክል ነው፤ እሱ ግን ከንፈሩን ሳያላውስ አንሾካሾከ።

«እትዬ አንጓች፣ ጨረቃዋ አለች። ስሌቱ አለ፣ አንድ ፀጉር አይሳሳትም። ‹አለች› በማለትና ‹አየሁ› በማለት መካከል ምን ልዩነት አለው?»

«በዚያ ልዩነት ነው እኮ እስከ ዛሬ እንጀራ የበላሁት።»

«ስለ ዓይንዎ አውቃለሁ» አለ። «የመርከቡ አስተናጋጅ ነግሮኛል፤ ውሃ ከጽዋው ውጪ ሲያፈሱ አይቶ። እነሱም ያውቃሉ። አላየሁም ካሉ ዕውር ነች ብለው ነው የሚጥሉዎት። ቤትዎን ያስቡ። እነዚህን ሰዎች የት ያውቋቸዋል? እውነት እንደሆነ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እዚህ አገር መቼ መሽቶ ነው የሚነጋው፣ ልጄ?»

«ያመጣን፣ ያለበሰን ኩባንያ ነው። ወጪት ሰባሪ አይሁኑ።»

አንጓች ዓይኗን ከተራራው ሳታነሣ ሳቀች። «ከወጪቱማ የበላኸው አንተ ነህ። እኔ በሶዬን ነው የበላሁት።»

ይህን ካለች በኋላ ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ግን ቁጣ ተጨመረበት፤ ቁጣ ደግሞ ከፍርሃት ይሞቃል። የሚያውቁባትን አወቀች፤ ሁለት ነገር ነው፣ ዓይኗና ካፖርቷ። ሁለቱም የሚሠሩት እስከ ደበቀቻቸው ድረስ ብቻ ነው።

የሰሚዎቹ ታላቅ ተነሣ። «እማኟ ቃል ትስጥ።»

አንጓች ወደ ፊት ወጣችና የካፖርቱን ቁልፎች መፍታት ጀመረች። ሰዉ ግራ ገባው። አወለቀችው፣ ገበሩን ወደ ውጪ ገለበጠችውና ሁለቱ ክቦች ለሁሉም እንዲታዩ አድርጋ መሬት ላይ አነጠፈችው። ነፋሱ ሹራቧን አልፎ ጎድኗ ውስጥ ገባ። ጥርሷ እንዳይንገጫገጭ ነከሰችው።

«ልብሱ የኩባንያው ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ጽሕፈት ቤቱ ነው የሰጠኝ፤ የማን እንደሆነ ያወቅሁት ባሕር ላይ ነው። ካወቅሁ በኋላም ብርድ ፈርቼ ለብሼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን አውልቄዋለሁ። ሌላም አለ። በግራ ዓይኔ ጭጋግ ወርዷል፤ የበር እጀታ እንኳ አያሳየኝም። ቀኙ ደህና ነው። ዛሬ ያየሁት በቀኙ ነው።»

ወኪሉ ወደ ኢዮሲያስ ዞረ። ኢዮሲያስ የበረዶ ቀለም መስሏል።

አንጓች ቀኝ እጇን አነሣች። «ያየሁትን ብደብቅ ዓይኔን ያጥፋው፤ ያላየሁትን አየሁ ብል አፌን ይዝጋው። ጨረቃ ከኮርቻው በላይ በምትሆንበት ጊዜ፣ ወደተባለው ቦታ አይቻለሁ። ተራራ አይቻለሁ። ግራጫ ሰማይ አይቻለሁ። ጨረቃ አላየሁም።»

«ደግሚው» አለ ታላቁ ሰሚ፤ ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው።

«አላየሁም።»

«ደግሚው።»

«አላየሁም!»

ጩኸቷ ተራራው ዘንድ ደርሶ የተመለሰ መሰላት። ሕዝቡ ከመጮኹ በፊት ግን ወኪሉ መናገር ጀመረ።

«በዕድሜያቸው አዝናለሁ» አለ፤ ድምፁ እውነትም ያዘነ ይመስላል። «ራሳቸው ነገሩን፤ ዓይናቸው ታሟል። ደንብ ማፍረሳቸውንም ራሳቸው ነገሩን። ይህ ቃል አይደለም፣ የአንዲት በሽተኛ ሴት ግምት ነው። ቃሉ ይሻርልን።»

ታላቁ ሰሚ ካፖርቱን አየ፤ ጢሙን አሸ። «ልብሱ የኩባንያችሁ ነው?»

«አዎ።»

«ልብስ የሰጠ ሰው የሚያገኘው ውለታ ነው። እሷ የመሰከረችው በእናንተ ላይ ነው። ታዲያ በልብሱ መቀየም የሚገባው ማነው? እናንተ ወይስ ዓሣ አጥማጆቹ?»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ማሪት ክንዳቸውን ሳያወርዱ «እኛ አልተቀየምንም!» ብለው ጮኹ።

«የዓይኑ ጉዳይ ግን ሌላ ነው» አለ ሰሚው፣ ሳቁ ጋብ ሲል። «ዕውር እማኝ መቀበል አንችልም። ቀኝ ዓይንሽ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?»

ዓይን ለራሱ ሊመሰክር አይችልም። የአንጓች እጅ ከብርዱ የተነሣ የሌላ ሰው እጅ ሆኗል። ሕዝቡ ወደ እሷ ሲያይ፣ እሷ ከልማዷ የተነሣ ብቻ ወደ ተራራው ማየቷን ቀጠለች። እማኝ ተነሺ ካልተባለች ዓይኗን አታነሣም።

ያኔ ነው ያየችው። ከግራጫው ሰማይ ላይ፣ የጥፍር ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ። ከኮርቻው ጎድጓዳ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ትንሽ ወደ ግራ።

«እማማ ማሪት» አለች ቀስ ብላ፤ «ጣትዎን ከፍ ያድርጉት። ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ግራ። እዚያው ላይ ያቁሙት።»

ማሪት ጣታቸውን አንቀሳቀሱ። ሰዉ ሁሉ የጣታቸውን አቅጣጫ ተከትሎ ዞረ። ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አላየም። ወኪሉ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ አንድ ሕፃን «እዚያ!» አለ፤ ቀጥሎ እናቱ፣ ቀጥሎ ሰሚዎቹ። ግርዶሹ ጨረቃዋን መልቀቅ ጀምሯል፤ ነጩ ነጥብ ወፍሮ ቀጭን ማጭድ ሆነ። የተቀረው አካሏ ግን አሁንም በዚያ ሰማይ ውስጥ አይታይም።

«ማን ቀድሞ አየ?» ብሎ ጠየቀ ታላቁ ሰሚ።

«እሷ!» አለ የመርከብ ማቆሚያው ሁሉ።

ወኪሉ አልተበገረም። «እንግዲያውስ ታየች! እማኟ ራሷ አሳየችን። አየሁ ትበል።»

«አሁን ያየሁት ግርዶሹ ሲለቃት ነው» አለች አንጓች። መንጋጋዋ ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉ ግን አልተንቀጠቀጠም። «የተጠየቅሁት ስለ አወጣጧ ነው። ከተራራው ጀርባ ከወጣች ቆይታለች። እሷ እዚያ ቆማ ነበር፤ እኛም እዚህ ቆመን ነበር። መሐላችን የነበረው የእናንተ መብራት ነው።»

ታላቁ ሰሚ ወደ ሁለቱ ባልደረቦቹ ዞረ። ሦስቱም በዚያ የመጽሐፍ አማርኛቸው፣ አንዱ ከሌላው አፍ እየተቀበለ፣ ቃሏን ደገሙት። አላየሁም። አላየሁም። አላየሁም። በሦስት ሰው ጆሮ የገባ ቃል ተመልሶ አይወጣም። ወኪሉ ካፖርቱን ከመሬት አነሣ፤ አራገፈው፤ ሊሰጣት የፈለገ መሰለና ተወው።

ኢዮሲያስ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። አንጓች ቀድማው የማኅተሙን ገመድ ከአንገቷ አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ለሃያ ዓመት የሳሳው ገመድ አንገቷ ላይ መስመር ትቶ ነበር።

«ጡረታዎ…» አለ።

«ጡረታዬን ተዋት። ልንገናኝ ትንሽ ነበር የቀረን፤ አልሆነልንም።» ቀልዱ እስከ መጨረሻው አላደረሳትም፤ እንባዋ መጣ። ብርዱ ነው ብላ ልትዋሽ ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «ፈርቻለሁ፣ ኢዮሲያስ። ምን እንደምበላ አላውቅም። ግን ቢጠይቁኝ ነገም የምለው ይህንኑ ነው።»

ኢዮሲያስ ማኅተሙን ኪሱ አልከተተውም። በመዳፉ እንደያዘው ቆመ። ከዚያ የራሱን ጃኬት አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገው። «ይኼኛው በገዛ ደሞዜ የገዛሁት ነው» አለ።

ሰሚዎቹ ጀልባቸው ላይ ተሳፈሩ። ቃሉ በአፍ ስለሚሄድ ዳኛው ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ መስታወቶቹ ይበራሉ። ከራስ በላይ ያሉት ወዲያው ፊታቸውን መለሱና ደሴቲቱ እንደ ወትሮው ቀን ሆነች። ማንም ግን ጨርቁን ዓይኑ ላይ አላሰረም። ጨረቃዋ ሙሉ እስክትሆን ድረስ ሁሉም እዚያው ቆሙ።

ማሪት አንጓችን ክንዷን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ምድጃው አጠገብ አስቀመጧት፤ ሾርባውን ቀዱላት፤ ሳህኑን ፊቷ ላይ ይዘው ቆሙ።

«አሁንስ?»

«አሁን እማኝ አይደለሁም። ይስጡኝ።»

በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። የመጀመሪያው ጉንጭ ጉሮሮዋን አቃጥሎ ወረደ። ማሪት እጃቸውን አጣጥፈው ፊቷን ያያሉ፤ ኢዮሲያስም በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

«ይጣፍጣል?» አሉ ማሪት።

አንጓች ዋጠች። የአገሯ ወግ፣ የእናቷ ጥፊ፣ ያሳደጋት ይሉኝታ ሁሉ የሚለው አንድ ነው። ኢዮሲያስ ከበሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ለመናት።

«ጨው አንሶታል» አለች።

አዛውንቷ ለጥቂት ጊዜ አፈጠጡባት። ከዚያ ሰውነታቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቁ፤ እየሳቁም ጨው ሊያመጡ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ።